በስምህ የጻፍኳቸው ሦስት ዜናዎች

ይድረስ ለደረጄ፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ማረፊያ ለነሳሁት ባሌ።

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ሰላምታ ማብዛት እንደማልወድ ታውቃለህ፤ በዚያ ላይ ዛሬ ረግቶ የሚቀመጥ ልብ የለኝም። ካምፓላ፣ ናጉሩ ያለው ቤታችን በረንዳ ላይ፣ አንተ ዜናህን ትጽፍበት በነበረው የፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ ነኝ። ስልኩ ፊቴ ነው። ሁለት መስመር እጽፍና አየዋለሁ። እነሳና አበቦቹን አጠጣለሁ፤ ከነጋ ሦስተኛዬ ስለሆነ አፈሩ ጭቃ ሆኗል። ተመልሼ እቀመጣለሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ጎህ ሲቀድ የሰፈሩ ሽማግሌዎችና የንስሐ አባታቸው እናትህ ቤት ይገባሉ ተባብለናል። መርዶህን ሊነግሯቸው።

አዎ፣ ዛሬ ነው። እስከ ዛሬ አልሰሙም። ግንባርህ ሲኮሳተር ይታየኛል፤ ላስረዳህ፣ አታቋርጠኝ።

አንተ ባረፍክበት ሳምንት እናትህ እማማ የሺ ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ ነበሩ። ወንድሞችህ ከአዲስ አበባ ደውለው «አሁን ከሰማች ትሞትብናለች፣ እስክትነሳ ይቆይ» አሉኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት አልከበደኝም፤ እኔም ገና አላመንኩትም ነበር። ሲነሱ ፍልሰታ ገባ። ጾሙ ሲፈታ እንቁጣጣሽ ደረሰ፤ በዓመት በዓል ማን መርዶ ይናገራል? ከዚያ ጉንፋን ያዛቸው። ከዚያ ገና መጣ። ምክንያት ለሚፈልግ ሰው የቀን መቁጠሪያው በምክንያት የተሞላ ነው።

ያስቸገረን መጽሔቱ ነበር። ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ ስልክ እንደማይሆንላቸው ታውቃለህ። የአንተን ደህና መሆን የሚያረጋግጡት ናይሮቢ በሚታተመው የቤተ ክርስቲያን መጽሔት ነው። አየር መንገድ የሚሠራው ሳምሶን በየሦስት ወሩ አዲስ አበባ ወንድሞችህ ጋ ያደርስላቸዋል፤ አብራቸው የምትኖረው የእህታቸው ልጅ አስካለ ደግሞ «ከካምፓላ» የሚለውን ገጽ ጆሯቸው ሥር ሆና እየጮኸች ታነብላቸዋለች። መጨረሻው ላይ ስምህ አለ። ስምህ ካለ ልጃቸው ጤና ነው። ከተቀበርክ በሁለተኛው ወር አስካለ ደወለችልኝ። «እትዬ ጽጌ፣ መጽሔቱ ሊመጣ ነው፤ ገጹን ሲያጡት ምን ልበላቸው?» አለችኝ።

ጻፍኩላቸው። በአንተ ስም ጻፍኩላቸው። አዘጋጁ ቀሲስ አምሃ ከናይሮቢ ደውለው ነገሩን ሲሰሙ «ለእናት ሲባል፣ ለአንድ እትም ብቻ» አሉኝ። አንዱ ሦስት ሆነ።

የሚያስቀውን ልንገርህ። እዚህ ቀብርህ ላይ አፈር ያለበሱህ ሰዎች በሦስተኛው ወር መጽሔቱን ገልጠው አነበቡህ። ምክንያቱን ለሁሉም መንገር አልቻልኩም። ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት ሴትዮ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «ነፍሱን ይማርና የሰንበት ተማሪዎቹን ዜና ጥሩ አድርጎ ጽፎታል» አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ሮጥኩ። መኪና ውስጥ ገብቼ ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ቦዳ ሞተር ሳይክል ሊጋጨኝ ነበር። ሊዲያን ግን አላሳቃትም። ልጅህ አሁን ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ሆስቴል ገብታለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው የምትመጣው፤ ስትመጣም የአንተን ወንበር ሰው እንዳይቀመጥበት ግድግዳ አስደግፋው ትሄዳለች። «ማሚ፣ ዳዲን ከሞተ በኋላ ኦቨርታይም እያሠራሽው ነው» አለችኝ። ተቆጣኋት። እውነት ስለሆነ ተቆጣኋት።

እኔ እኮ ድሮ በዚህ መጽሔት እቀና ነበር። ከጋራዥ እጅህን ሳትታጠብ መጥተህ ደብተርህን ስትገልጥ፣ እራት ይበርዳል ብዬ ስጮህ፣ «አንድ መስመር ብቻ» ትላለህ። ያ አንድ መስመር መቼም አያልቅም። ፖርት ቤል ሐይቁ ዳር ዓሣ ልንበላ የሄድንበት እሑድ ትዝ ይልሃል? ጀልባዎቹን እያየን እናወራለን ብዬ ለብሼ ተኳኩዬ መጥቼ፣ አንተ የክርስትና ዜና ጻፍክ። የዓሣው ዘይት ከሞተር ዘይቱ ጋር ተደርቦ የአውራ ጣትህ አሻራ ወረቀቱ መሐል ታተመ። ቀሲስ አምሃ ወረቀትህ ሲደርሳቸው ፊርማ ሳያዩ ያውቁህ ነበር። እኔ በስምህ በስልክ የላኩት ጽሑፍ ግን ንጹሕ ነበር። እሱ ራሱ ያሳፍረኝ ነበር።

ሕግህንም ከአንተ ጋር አልቀበርኩትም። ያላየሁትን አልጽፍም ትል ነበር። «በዓሉ በደማቅ ሁኔታ ተከበረ» የሚለውን ትጠላ ነበር፤ አዘጋጁ ሲጨምሩብህ ትደውልና ትከራከራለህ፤ እሳቸውም ሰልችቷቸው ተዉህ። አንዴ የጥምቀት ዜና ላይ ሰባት ጥላ ብለህ ስድስት ሆኖ ሲገኝ በሚቀጥለው እትም እርማት አስወጣህ። «ባለፈው እትም ሰባት የተባለው የጥላ ብዛት ስድስት ነው።» ጉባኤው በሙሉ ሳቀብህ። እኔም ከነሱ ጋር ሳቅኩ፤ ይቅር በለኝ።

ስለዚህ በስምህ ስጽፍ ያየሁትን ብቻ ጻፍኩ። ለደመራ ሄድኩ። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ አኩርፎ ነበር፤ ልክ ሲለኮስ ዝናቡ ወረደ። እንጨቱ ርሶ እምቢ አለን። ዲያቆኑ ክብሪት ጨርሶ በር ላይ ከቆመ ቦዳ ነጂ ላይተር ተዋሰ፤ ነጂውም የሚሆነውን ልይ ብሎ ገብቶ ራስ ቁሩን አውልቆ ከእኛ ጋር ዝናብ ላይ ቆመ። እንዲህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩት። «ሁላችንም እስከ አጥንታችን ራስን» አልኩ። ቃሉ በሙሉ እውነት ነበር። ውሸቱ ሥር ላይ ያለው ስም ብቻ ነበር።

አስካለ ይህን ስታነብላቸው እናትህ ሁለቴ አስደግመዋታል። ከዚያ አዲሱን ገብስ ጠበቁ። ገብሱ ሲገባ በዚያ በተሰበረ ዳሌያቸው አስቆሉ፣ አስፈጩ፣ አስነፉ፤ አንድ ሙሉ ከረጢት በሶ አፉን ሰፍተው ለሳምሶን ላኩ። ሳምሶን እዚህ በር ላይ አምጥቶ ሲሰጠኝ ዓይኔን ማየት አቃተው። መልእክቱን የተናገረው ወደ መሬት እያየ ነው፤ «ደመራ ላይ የመታው ብርድ ከሰውነቱ ይውጣለት ብለዋል። ለደረጄ ብቻ፣ ለሰው እንዳታካፍሉ ብለዋል።»

ደረጄ፣ ከረጢቱን ይዤ እዚያው ቆምኩ። ሕይወት የሌለው ነገር ነው፣ ዱቄት ነው፤ እኔ ግን ወለሉ ላይ ማስቀመጥ አልቻልኩም። አንዲትን አዛውንት እናት ለሞተ ልጃቸው ስንቅ እንዲያዘጋጁ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከመደርደሪያ ወደ ቁም ሳጥን፣ ከቁም ሳጥን ወደ መደርደሪያ ሳዛውረው ሰነበትኩ። መክፈት አልቻልኩም፤ የእኔ አይደለም። በመጨረሻ ወንድሞችህ ጋ ደወልኩ። ጾም አላችሁ፣ በዓል አላችሁ፣ ጉንፋን አላችሁ፤ አሁን በቃ፣ ዓመቱ ሳይወጣ ይነገራቸው፣ እናንተ ካልነገራችሁ ራሴ ተሳፍሬ እሄዳለሁ አልኳቸው። ስጮህ ጎረቤት ወጥቶ አየኝ።

ቀሲስ አምሃ ገጹን ዛሬ ቀትር ላይ ይዘጋሉ። በዚህ እትም የዕረፍትህ ዜና መውጣት አለበት፤ እሳቸውም እኔም ከዚህ በላይ አንችልም። ግን መርዶው ሳይነገር ወረቀቱን አልልክም ብያቸዋለሁ። እናት የልጇን ሞት ከታተመ ወረቀት ላይ አትሰማም። እሳቸውም «ልክ ነሽ፣ እጠብቅሻለሁ» አሉኝ። ይኸው ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ሰው እንዴት አንድ ቃል ለመናገር ይህን ያህል ይቆያል? እየፈሩ በር ላይ ቆመው ይሆን? ወይስ ሰምተው ወድቀው ይሆን? ወንድሞችህ ያሉት ደርሶ ይሆን?

እስከዚያ ዕረፍትህን ልጽፍ ሞከርኩ። ስድስት ወረቀት ጨምድጃለሁ። ስለ ሞተ ሰው ስትጽፍ እጁ ምን ይሠራ እንደነበር ሳትጠይቅ አትጽፍም ነበር። የመዘምራኑን ልብስ በየሳምንቱ አጥበው የሚተኩሱት እናት ሲያርፉ ስለ ደግነታቸው አንድ ቃል ሳትጽፍ ስለ ካውያቸው ጻፍክ፤ ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔ ስለ አንተ ስጽፍ ግን ደግ፣ ቅን፣ ትሑት እያልኩ እደረድራለሁ። ብታየው ትሰርዘው ነበር። ደግሞም ትሑት አልነበርክም።

ስልኩ ጮኸ።

ተመለስኩ። የደወለችው አስካለ ናት። ነግረዋቸዋል። ሽማግሌዎቹ ገብተው ሲቀመጡ ገና አንድ ቃል ሳይናገሩ እናትህ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «የትኛው ነው?» አሉ። ስምህን ጆሯቸው ሥር ሆና የጮኸችው አስካለ ናት፤ የሌላ ሰው ድምፅ አይሰማቸውማ። ደረታቸውን መቱ፣ ስምህን እየጠሩ ግቢውን ዞሩ፣ ሰፈሩ ሞላ። አልወደቁም። ቆመው ነው ያለቀሱልህ። በመጨረሻ ሲደክማቸው ተቀመጡና መቼ እንደሆነ ጠየቁ። ዓመት ሊሞላው ነው ሲሏቸው ወራቱን በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ፣ «ታዲያ ዓመቱን ሙሉ የጻፈልኝ ማነው?» አሉ።

አስካለ «እትዬ ጽጌ ነች» አለቻቸው።

«ዝናቡንም?»

«ዝናቡንም።»

እኔ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ እርግማኑን ጠበቅኩ። የሚገባኝ መስሎኝ ነበር፣ አሁንም ይመስለኛል። አስካለ እንባዋን ውጣ የእናትህን ቃል ነገረችኝ። «እንግዲያ ብርዱ የመታው እሷን ነው። በሶውን እሷ ትብላው በሏት። ሳይነቅዝ።»

በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩ፤ በዚህ ዓመት እንዲህ አልቅሼ አላውቅም፤ እናትህ እስኪሰሙ ድረስ ማልቀስ ያልተፈቀደልኝ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ሰባተኛውን ወረቀት አነሳሁ። ይኸው፣ አሁን በስልክ ለቀሲስ አምሃ ላክኩት፤ ቀትር አልሆነም።

«ደረጄ አበራ ካረፈ ዓመት ሊሆነው ነው። ካምፓላ ውስጥ መኪና ይጠግን ነበር። ለዚህ መጽሔት ለብዙ ዓመት ዜና ጽፏል፤ የላካቸው ወረቀቶች ሁሉ የአውራ ጣቱ ዘይት አለባቸው። ያላየውን አልጻፈም። እርማት፦ ባለፉት ሦስት እትሞች በስሙ የወጡት ዜናዎች የእሱ አይደሉም። ያየሁትን የጻፍኩት ሚስቱ ነኝ። ጽጌ ወልዴ፣ ከካምፓላ።»

ከእንግዲህ ከሥራህ ፈትቼሃለሁ፣ ዕረፍ። ገጹን ግን አልተወውም፤ እናትህ አስካለን «ቀጣዩ መቼ ይመጣል?» ብለዋታል። ዝናብ ከጣለ ዝናብ ጣለ እላለሁ። ጥላዎቹን ሁለት ጊዜ እቆጥራለሁ። «በደማቅ ሁኔታ» የሚል ቃል ከእጄ ላይወጣ ቃሌ ነው፤ አንተንም የማስታውስህ እንዲሁ ነው፣ ሳላሳምርህ፣ ከነዘይትህ።

የከረጢቱን ስፌት በቢላዋ ፈታሁት። በብርጭቆ በጠበጥኩና ቆሜ ጠጣሁ፣ ከዚያ ወንበርህን ከግድግዳው መልሼ ተቀመጥኩበት። በሶው አልነቀዘም።