ከወንድማቸው ክንድ ዓይን ያበቀሉት እትዬ ብልቃጥ

ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ብልቃጥ እያለ የሚጠራቸው የዓይን ተመራማሪ፣ ከሰዓት ጠጋኙ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ከአባታቸው ሱቅ በላይ ባለች ባለ አንድ መስኮት ክፍል የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ተወለዱ። ሲወለዱ አላለቀሱም፤ ዓይናቸውን ገልጠው የአዋላጇን ሽፋሽፍት ሲቆጥሩ ተገኙ ይባላል። ይህን የሚለው ግን ታናሽ ወንድማቸው ነው። እሱ የተወለደው ከአምስት ዓመት በኋላ ስለሆነ ሰሚ የራሱን ግምት ይውሰድ።

ከስምንት ዓመታቸው ጀምሮ የእናታቸውን መርፌ ክር ማስገባት የእሳቸው ሥራ ሆነ። የእናታቸው ዓይን ከመሃል እየደበዘዘ ነበርና መጀመሪያ የመርፌው ቀዳዳ፣ ቀጥሎ መርፌው፣ በመጨረሻ የልጆቻቸው ፊት ጠፋባቸው። እትዬ ብልቃጥ ትምህርታቸውን በማዕረግ ሲጨርሱ፣ በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸውም ዶክተር ሲባሉ፣ ከልባቸው ያልወጣው ያ መርፌ ነው። ወንድማቸው በበኩሉ ትምህርት ለቤተሰቡ በእኩል ይዳረስ ብሎ ሰባተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ ተምሯል።

ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁት የምርምር ተቋሙ አሳንሰር በሦስተኛና በአራተኛ ፎቅ መካከል በቆመ ጊዜ ነው። የአሳንሰር ጠጋኙ፣ የኋላ ባለቤታቸው፣ በሩን ፈልቅቀው ሲከፍቱ እትዬ ብልቃጥ ሣጥን ታቅፈው ቆመዋል፤ ከሣጥኑ ውስጥ አርባ የበሬ ዓይን አፈጠጠባቸው። ባለቤታቸው አሥራ ሁለት ነው ይላሉ፤ አርባው የወንድምየው ነው። ሰውየው አለመሸሻቸው ግን ሁሉም የሚስማማበት ነው። በዓመቱ ተጋብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ።

ለሃያ አራት ዓመታት መስታወት ላይ የደረቁ የዓይን ሕዋሳትን ሲያጠኑ ስማቸው ተጠራ፣ አንቱ ተባሉ። ዳሩ ግን የሚያዩት ሁሉ የሞተ ነበር። እናታቸው ሊያርፉ ሲሉ፣ «ልጄ፣ ለምን እንደጨለመብኝ ነገርሽኝ፤ እንዴት እንደሚበራስ መቼ ነው የምትነግሪኝ?» ብለዋቸው ነበር። ጥያቄው አብሯቸው አረጀ።

በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው አንድ ድጋፍ መኖሩን ሰሙ። በሙያቸው የደረጁ ተመራማሪዎች ሥራቸውን ለሁለት ዓመት ትተው፣ ደመወዝ እየተከፈላቸው፣ ስቴም ሴል የሚባሉትን ገና ምን እንደሚሆኑ ያልወሰኑ ሕዋሳት ማሳደግ እንዲማሩ የተቋቋመ ነው። ታዲያ አስተማሪ ሆኖ የሚፈርምላቸው ባለሙያ ያስፈልግ ነበር። በከተማው ያለችው አንዲት ብቻ ናት። እሷም ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት መስታወት ስትሰባብርባቸው «ይህ ሥራ እጅሽን አይወደውም» ብለው ያባረሯት ተማሪያቸው፣ ቁንጥንጧ ነበረች።

ከደጇ ሦስት ጊዜ ደርሰው ተመለሱ። በአራተኛው ገቡ። ቁንጥንጧ ቅጹን እስከ መጨረሻው አነበበችና፣ «እትዬ፣ እዚህ ቤት የሚፈለገው የማይቁነጠነጥ እጅ አይደለም፤ መቅረት የማያውቅ እጅ ነው። ቅዳሜ የለ፣ እሑድ የለ፣ ሕዋሳቱ በየቀኑ ይበላሉ» ብላ ፈረመች።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ለጠላትም አይስጥ። የደረቀ ሕዋስ መስታወት ላይ ሠላሳ ዓመት ይጠብቃል፤ ሕያው ሕዋስ ከማሞቂያው ሣጥን ወጥቶ ብዙ አይቆይም። እሳቸው ደግሞ የለመዱት ማየት ነው። ሕዋሳቱ የሚያድጉባቸውን ሳህኖች በየሰዓቱ እያወጡ ሲያዩ፣ ሲያዩ፣ ሦስት ዙር ሕዋስ በብርድ አለቀባቸው። የድጋፉ ገምጋሚዎች ሊመጡ ሰባት ወር ቀረ። በሳህን ላይ በሕይወት ያለ የዓይን ሕዋስ ካላዩ ሁለተኛው ዓመት ይሰረዛል፤ እትዬ ብልቃጥም ወደ ሙታኖቻቸው ይመለሳሉ።

ለአራተኛው ዙር ቆዳ የሚሰጥ ሰው ሲፈለግ ወንድማቸው በፈቃዱ ፈርሞ ክንዱን ዘረጋ። የክብሪት ራስ የምታህል ቆዳ ሲቆርጡበት፣ «ሰነፍ ብትሆንብሽ ከኔ ወጥታ ነውና አትፍረጂባት» አላቸው።

ቁንጥንጧ በማሞቂያው በር ላይ «እትዬ፣ ከምግብ ሰዓት ውጪ አይከፈትም» ብላ ወረቀት ለጠፈች። አንቱ የተባሉት ሴት እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። የቆዳዋን ሕዋሳት ወደ ስቴም ሴል መለሱ፤ ከዚያም ዓይን እንዲሆኑ እያባበሉ፣ ምግባቸውን፣ ሮዝ ፈሳሹን፣ በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ቀየሩ። ትልቋ ልጃቸው በተዳረች ዕለት እንኳ መጀመሪያ የበሉት ሕዋሳቱ ናቸው፣ ሙሽሮቹ ቀጥለው። ገምጋሚዎቹ ሊመጡ ዘጠኝ ቀን ሲቀር ሳህኑ ላይ ጥቋቁር ነጥቦች ታዩ። እትዬ ብልቃጥ ቆሻሻ የገባ መስሏቸው ሊደፉት ሲሉ ቁንጥንጧ እጃቸውን ያዘች። በማይክሮስኮፕ አጎንብሰው ሲያዩ፣ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሞተው የሚያውቋቸው ጥቋቁር የዓይን ሕዋሳት ጎን ለጎን ተደርድረው በሕይወት ተቀምጠዋል። ቀና ሳይሉ፣ «እማዬ፣ ጀመርን» አሉ።

ወንድማቸው ከክንዱ ዓይን መብቀሉን ለሰፈሩ አወራ። ዕድሜ ልኩን ሲዋሽ የታመነው ሰው፣ እውነት በተናገረ ቀን የሚያምነው አጣ።

ሁለተኛው ዓመት ተፈቀደላቸው። ከዚያ ወዲህ በዚያው ድጋፍ የመጡ አሥራ አንድ ሽበታም ተመራማሪዎችን አስተማሩ፤ እያንዳንዱንም ከማሞቂያው በር ወረቀት ፊት አቁመው አስነበቡ። እስካሁን የማንም ዓይን አልበራም፤ በዚህ በዚህስ ወንድምየውም አይዋሽም። ነገር ግን ከሕዋሳቱ የሚሠራው መድኃኒት ሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት የሚደረገው ፍተሻ ተጀምሯል።

እትዬ ብልቃጥ ለሁለት ዓመት በልብ ድካም ሲታመሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አረፉ። የመጨረሻ ጥያቄያቸው «ዛሬ ተረኛው ማነው?» የሚል ነበር። ቁንጥንጧ፣ «እኔ ነኝ እትዬ፤ አብልቻቸው ነው የመጣሁት» ስትላቸው ዓይናቸውን ከደኑ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታናሽ ወንድማቸውንና ከክንዱ የበቀሉትን፣ ቁጥራቸውን እሱ ቢናገር የማይታመንባቸውን ሕዋሳት ትተው ሄደዋል።

ይህ የሕይወት ታሪካቸው በስንብታቸው ላይ ሲነበብ ከፊት ረድፍ አንድ ወንበር ባዶ ሆኖ የምታዩ፣ የቁንጥንጧ ነውና አትቀየሟት። የምግብ ሰዓት ነው፤ እያበላች ነው፤ ትደርሳለች። ፈጣሪ የእትዬ ብልቃጥን ነፍስ እናታቸው ክራቸውን ያለ አጋዥ ወደሚያስገቡበት ብርሃን ያድርስልን።