ስም የማይፋቅበት ፈቃድ፦ የአቶ ሙሉአለም አራጋው የሕይወት ታሪክ

አቶ ሙሉአለም አራጋው ከአባታቸው ከአቶ አራጋው ይማም እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተሻለች አበጋዝ፣ በአምባሰል ወረዳ በውጫሌ ከተማ አጠገብ፣ የግሸን ማርያም ንግሥ በዋለ ማግስት፣ መስከረም 22 ቀን 1979 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ከግሸን ሲመለሱ ልጁ ተወልዶ ጠበቃቸው። ወንድሟን አንቱ ብላ የማታውቀው ታላቅ እህታቸው ሰርካለም ይህን ጽሑፍ በአንቱታ የጻፈችው ደንቡ ስለሆነ ነው። ከዚህ በታች ስማቸው የሚነሳ አንድ ሌላ ሰውም አንቱ የተባሉት በዚሁ ደንብ ምክንያት ብቻ መሆኑ ይታወቅ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በውጫሌ ተከታተሉ። ሁለተኛ ደረጃን ሐይቅ ከተማ ክፍል ተከራይተው ተማሩ። አብረዋቸው የተከራዩት፣ ከአንድ ትሪ የበሉት፣ የአንድ ሰፈርና የአንድ ቅሬ ልጅ የነበሩት አቶ ወንዱ ይመር ናቸው። እናታችን በየሳምንቱ ከውጫሌ የሚልኩት ስንቅ የሁለት ሰው ነበር። ለምን ለሰው ልጅ ትደክሚያለሽ ሲባሉ «ሁለቱም ልጆቼ ናቸው» ይሉ ነበር።

አቶ ሙሉአለም በ2001 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቀው በወረዳው መሥሪያ ቤት በባለሙያነት ተቀጠሩ። ሥራቸው በአብዛኛው የኃላፊዎችን ፕሪንተር ማስነሳት ነበር። ሳያማርሩ አገለገሉ ብንል ውሸት ነው፤ በየቀኑ ያማርሩ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ከወይዘሮ ስህን መንገሻ ጋር ጋብቻ መሥርተው ወደ ሐይቅ ተዛወሩ፤ ልጃቸውን ረድኤትንም አፈሩ።

በሐይቅ ጎረቤታቸው ከሳዑዲ ተመልሰው ፎቶ ቤት የከፈቱት ወይዘሮ ሀውራ ኸሚስ ነበሩ። ሰው ሁሉ ልጁን፣ ሙሽራውን፣ አዲስ ያስቆመውን ቤት ፎቶ እያስነሳ ወደ ጅዳና ወደ ሪያድ ይልካል። ኔትወርኩ ግን አያደርስም። ፎቶው ተጨምቆ ሲያንስ ይደርሳል፤ ሲደርስ ደግሞ ፊቱ ተበላሽቶ የማን እንደሆነ አይለይም። አንድ ቀን አንዲት እናት ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆመው፣ «ልጄ እኮ ‹ያ አላህ! እማየ፣ ይሄ ያንች ፊት ነው?› አለችኝ» እያሉ ሲያለቅሱ አቶ ሙሉአለም ሰሙ። በ2008 ዓ.ም. መጻፍ የጀመሩት «አርዲቦ» የመጣው ከዚያ ልቅሶ ነው።

አርዲቦ ምን እንደሆነ ለማያውቁ ቀብርተኞች በአጭሩ እንንገር። የሙያው ሰዎች ላይብረሪ ይሉታል። ብቻውን የሚታይ ነገር አይደለም፤ ሌሎች ፕሮግራሞች ውስጥ ገብቶ የሚያገለግል የተዘጋጀ ኮድ ነው። የአቶ ሙሉአለም ኮድ ፎቶው ውስጥ ፊት የት እንዳለ ይፈልጋል፤ ፊቱን አይነካም፤ ግድግዳውንና መጋረጃውን ብቻ ያሳንሳል። ፎቶው ቀልሎ በደካማ ኔትወርክ ያልፋል፣ የእናት ፊትም የእናት ፊት ሆኖ ይደርሳል። በሐይቃችን አጠገብ ባለው በትንሹ ሐይቅ ስም የጠሩት፣ ትንሽም ቢሆን ጥርት ያለ ነው ብለው ነው።

በ2010 ዓ.ም. ለውጡ መጣ። በየአዳራሹ ስለ ወጣትና ስለ ቴክኖሎጂ ይወራ ጀመር። አዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩት አቶ ወንዱ ሐይቅ ድረስ መጥተው፣ ከወይዘሮ ሀውራ ሱቅ ቆመው አርዲቦ ሲሠራ አዩና «ይሄንማ ለዓለም እናውጣው» አሉ። ወንድማችን ደስ አላቸው። በ2011 ዓ.ም. አርዲቦን ለማንም ክፍት አድርገው በኢንተርኔት ለቀቁት፤ ከእሱም ጋር ራሳቸው የጻፉትን የፈቃድ ቃል አያያዙ። ቃሉ አጭር ነው። ማንም ሰው አርዲቦን ይውሰድ፣ ይለውጥ፣ ይሽጥ። የሠሩበት ሰዎች ስምና ማን ምን እንደለወጠ ግን አይፋቅ። ፓተንት አለኝ ብሎ የአርዲቦን ተጠቃሚ የከሰሰ ሰው ደግሞ፣ ከከሰሰበት ቀን ጀምሮ የራሱ ፈቃድ ይሞታል። ፓተንት ማለት ይህን ዘዴ የፈጠርሁት እኔ ነኝና ሳልፈቅድ ማንም አይንካው የሚያሰኝ መብት ነው።

አቶ ወንዱ የመጨረሻውን ሲያነቡ ሳቁ። «ይሄ እርግማን እንጂ ፈቃድ ነው እንዴ?» አሉ። ወንድማችን «እርግማን አይደለም፤ ቅሬ ነው» ብለው መለሱላቸው። ቅሬ ምን እንደሆነ እዚህ ለቆመ ሰው መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው፤ ከሩቅ ለመጡት ግን፣ የወሎ እድር ነው እንበል። በቅሬ ሁሉም ይቀብራል፣ ሁሉም ይቀበራል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። ጎረቤቱን የበደለ ግን ከቅሬ ይወጣል። እሳት አይጫርለትም፣ ሬሳ አይነሳለትም። ተመልሶ የሚገባው በሕዝብ ፊት ቆሞ «በድያለሁ» ያለ እንደሆነ ብቻ ነው። አቶ ሙሉአለም ይህንኑ ደንብ ነው ለኮምፒውተር የጻፉት።

አቶ ወንዱ ድርጅት አቋቋሙ። የድርጅቱን ስም መጥራት ማስታወቂያ ስለሚሆንላቸው አልጠራነውም። አርዲቦን ወሰዱ። በመውሰዳቸው አልከፋንም፤ ውሰዱ ተብሏል። ነገር ግን የወንድማችንን ስም ከየኮዱ አናት ፍቀው የራሳቸውን ጻፉበት። መድረክ ላይ ወጥተው ሐሳቡ እንዴት እንደመጣላቸው ሲጠየቁም፣ የእናታቸው ፎቶ ፊቱ ተበላሽቶ ቢደርሳቸው አልቅሰው እንደነበር ተናገሩ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል እንዲሉ፣ ኮዱ አልበቃ ብሏቸው የሴትዮዋን እንባም ወሰዱ። ወንድማችን ደውለው ቢጠይቋቸው «አብሽር፣ በሚቀጥለው ቅጂ ይስተካከላል» አሏቸው። አልተስተካከለም።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ሐይቅ ደረሰ። አቶ ሙሉአለም ቤተሰባቸውን ይዘው በአርዲቦ ዳር ወዳሉት መንደሮች በእግር ሸሹ። መብራትም ስልክም ተቋረጠ። ለዓመታት ሲወስዱት የነበረው የደም ግፊት መድኃኒት ጠፋ፤ ኩላሊታቸው የተጎዳው በዚያን ጊዜ ነው። ሲመለሱ ቤታቸው ተዘርፎ፣ ኮምፒውተሮቹም ሄደው ጠበቃቸው። ስልክ እንደተለቀቀ ቀድመው የደወሉት አቶ ወንዱ ነበሩ። ስለ ስህንና ስለ ረድኤት አልጠየቁም። ስንቅ ሲልኩላቸው ስለኖሩት እናትም አልጠየቁም። «ኮምፒውተሩስ ተረፈ?» አሉ። አልተረፈም ሲባሉ «እግዜር ያጽናችሁ» አሉ። ያን ጊዜ ያዘኑልን መስሎን ነበር።

ለካስ እኛ በጨለማ ሳለን አቶ ወንዱ በአርዲቦ ዘዴ ላይ ፓተንት ጠይቀዋል። ተቃዋሚ ካለ በተወሰነ ጊዜ ይቅረብ የሚለው ማስታወቂያ የወጣው ሐይቅ ስልክ ባልነበራት ወቅት ነው። ማን ይቅረብ? መዝጋቢውን አንወቅስም፤ ያልቀረበለትን ማየት አይችልም። አመልካቹ ግን ተቃዋሚያቸው የት እንዳሉና ለምን እንደማይሰሙ ያውቁ ነበር። ፓተንቱ ተሰጣቸው። በዚያው ዓመት በግንቦት፣ «ፈጠራችንን ያለ ፈቃድ ተጠቅማለች» ብለው ወይዘሮ ሀውራን ከሰሱ። ትንሽ ሱቅ ቶሎ ትረታለች፣ ከዚያ በኋላ ሌላው ሁሉ ይፈራል ብለው ነው። የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ። ወይዘሮ ሀውራ የክሱን ወረቀት ይዘው ሲገቡ፣ «ወላሂ፣ ይሄን ነገር እሱ ራሱ ከኔ ሱቅ ቁሞ ነው ያየው! አሁን ደሞ ሌባዋ እኔ ሆንሁ?» አሉ።

ለቀብር በሚታተም ጽሑፍ ላይ ሟች «ቂም የማያውቁ» ነበሩ ማለት የተለመደ ነው። እንዲህ ብለን እንድንጽፍ የመከሩንም አሉ። አንጽፍም። አቶ ሙሉአለም ቂም በደንብ ያውቁ ነበር፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በዚያን ወቅት ለኩላሊት እጥበት ደሴ ይመላለሱ ነበር። አልጋቸው ላይ ሆነው ወረቀቱን ተቀበሉ፣ ደጋግመው አነበቡት፣ ከዚያም ሳቁ። ከጦርነቱ ወዲህ ከልባቸው ሲስቁ ያየናቸው ያን ቀን ነው። «አብሽሪ ሀውራ» አሉ፤ «ከሰሰ ማለት ወጣ ማለት ነው።»

የአቶ ወንዱ ስህተት፣ የተዘረፈው ኮምፒውተር የመጨረሻው ማስረጃ እንደሆነ ማሰባቸው ነበር። ክፍት የተለቀቀ ኮድ ግን አንድ ቤት ውስጥ አይቀመጥም። ማን መቼ ምን እንደጻፈ ሳይጎድል፣ ከነሙሉ ታሪኩ በብዙ አገር በብዙ ሰው እጅ ነበር። የወይዘሮ ሀውራ ወንድም ማህዲ ኸሚስ፣ ጅዳ ሆነው ፎቶው በዚያ በኩል እንዴት እንደሚደርስ ሲሞክሩላቸው የኖሩት፣ የያዙትን ቅጂ ላኩልን። ፍርድ ቤትም ቀረበ። የአቶ ወንዱ ጠበቃ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ያስጨምሩ ጀመር፤ ታማሚው ሰው እስኪያልፍ ነው። ታማሚው ግን ጠበቁ። በ2015 ዓ.ም. በሚያዝያ ክሱ ውድቅ ሆነ። ቀጥሎም ዘዴው ከማመልከቻው ዓመታት አስቀድሞ በአደባባይ የታወቀ በመሆኑ ፓተንቱ ተሰረዘ። ድርጅቱን ሊገዙ የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ደግሞ የፈቃዱን ቃል አነበቡ። የከሰሰ ሰው ፈቃዱ ይሞታል ይላል፤ አቶ ወንዱ ከሰዋል፤ እንግዲያው የሚሸጡት ነገር ሁሉ ያለ ፈቃድ የቆመ ነው። እንግዶቹ ሻንጣቸውን ይዘው ተመለሱ። እኛም ደስ ብሎናል፤ በቀብር ቀን ይህን ማለት ነውር ከሆነ ነውሩን እንቀበላለን።

በሰኔ ወር አቶ ወንዱ ሽማግሌዎች ይዘው ሐይቅ መጡ። ራሳቸው ደጅ ቀሩ። ሽማግሌዎቹ «ልጃችን፣ ሰውየው ተሰብሯል፤ ፈቃዱን መልስለት» ብለው ለመኑ። እህታቸው ሰርካለም እምቢ በል እያለች በዓይኗ ትለምን ነበር። አቶ ሙሉአለም ግን ለሽማግሌ እምቢ ማለት አልሆነላቸውም። ተደግፈው ቀና አሉና እንዲህ አሉ፦ «ይመለስለት፤ ግን በቅሬው ደንብ። እኔ ብዙ አልቆይም። ቀብሬ ላይ ይምጣ፤ ታሪኬ ሲነበብ፣ ስሙ ሲጠራ፣ ቁሞ ይስማ። ሲያልቅ በሕዝቡ ፊት በድያለሁ ካለ ፈቃዱ ተመልሶለታል። ዝም ካለ እንደወጣ ይቅር።» ሽማግሌዎቹ መርቀው ወጡ። አቶ ወንዱም ደጅ ላይ ሆነው እሺ አሉ። ሽማግሌዎቹ ዛሬ እዚህ አሉ፤ ሐሰት ከሆነ ይናገሩ።

አቶ ሙሉአለም ሕመሙ ጠንቶባቸው በሕክምና ሲረዱ ከቆዩ በኋላ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ36 ዓመታቸው አርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው በማግስቱ በትውልድ ስፍራቸው በውጫሌ ይፈጸማል። አባታቸው አስቀድመው ሄደዋል። እናታቸው ወይዘሮ ተሻለች፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ስህን፣ ልጃቸው ረድኤትና እህታቸው ሰርካለም ቀርተዋል። አርዲቦም ቀርቷል፤ የወንድማችን ስም ወደ አናቱ ተመልሷል።

ይህ ጽሑፍ በአርዲቦ ፈቃድ ሥር ወጥቷል። የፈለገ ይቅዳው፣ ፎቶ ያንሳው፣ ለጅዳ ይላከው። በውስጡ ያለ ስም ግን አይፋቅ፤ የማንም። ዛሬ በዚህ ስፍራ የሚነገር ቃል ካለ፣ ከነተናጋሪው ስም በሚቀጥለው ቅጂ ይገባል።

የሰው ፊት የማይደበዝዝበት አምላክ የወንድማችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ በእናታቸው፣ በባለቤታቸውና በልጃቸው ልብ ላይ መጽናናትን ያፍስስልን። አሜን በሉ።

ንባቡ እዚህ ላይ ያበቃል። አንባቢው ወረቀቱን አጥፈው ፈቀቅ ይላሉ፤ አፈር የሚመልሱትም አካፋቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። አቶ ወንዱ ይመር በቅሬው ዳኛ ትእዛዝ ከእናታችን ከወይዘሮ ተሻለች ጎን ይቆማሉ። ሟች በሩን ከፍተውላቸው ሄደዋል። እህታቸው ሰርካለም አራጋው ግን አቶ ወንዱ ዝም እንዲሉ ትጸልያለች።