የሌማ አሥራ ሁለት ፈረሰኞች

ሰኞ፣ ሰኔ 6 ቀን 1980

የፈረሱን ዓይን ቀብቶታል። ዓይኑን! የፕላስቲክ ፈረስ ነው፤ ከነጋላቢው ከአመልካች ጣቴ አይበልጥም፤ ሌማ ግን ነጭ ነጥብ፣ ነጩ ላይ ደግሞ ጥቁር ነጥብ ጣል አድርጎለት ፈረሱ ቁጭ ብሎ ያየኛል። መምህራን ክፍል አምጥቶት ሰው ሁሉ ከቦት ነበር። «ጋሼ፣ እንዴት አዩት?» አለኝ። «ደህና ነው» አልኩት። ምላሴ ከዚያ በላይ አልታዘዘልኝም።

የሚያናድደው ጨዋታውን ያስተማርኩት እኔ መሆኔ ነው። ሌማ ባለፈው ኅዳር ከሸነን ተዛውሮ የመጣ የቤተ ሙከራ ሠራተኛችን ነው። ከዚያ በፊት አራት ዓመት ሙሉ ሁለት ብቻ ነበርን፤ እኔና ሕንዳዊው የሒሳብ መምህር ሚስተር ቶማስ። የምንጫወትባቸውን የፕላስቲክ ወታደሮች ያመጣው እሱ ነው። የፈረንጅ ወታደሮች ናቸው። እኛ ረጅም ባርኔጣቸውን በጋለ ምላጭ ቆርጠን፣ ከጥርስ ሳሙና ቱቦ ሸማ አልብሰን፣ ቆርኪ ጠፍጥፈን ጋሻ አስይዘን የአገራችን ሰው እናደርጋቸዋለን። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሰገሌን ጦርነት እንዋጋለን። በማስመሪያ እየለካን እናራምዳቸዋለን፤ ማን እንደሞተ የሉዶው ዳይስ ይነግረናል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሲጠይቀን «የታሪክ ማስተማሪያ ነው» ብለናል። ደግሞም ነው፤ እኔ የታሪክ መምህር ነኝ።

አሁን የሚስተር ቶማስ ውል አልቋል፤ የዛሬ ሳምንት ይሄዳል። የቀለም ሳጥኑን ትቶ ነው የሚሄደው። ሃያ አራት ትናንሽ ቆርቆሮ ቀለም፣ ሰባት ብሩሽ፣ አንዷ ብሩሽ ሦስት ፀጉር ብቻ ያላት። ሁለት መቶ ያልተነኩ ወታደሮችም አሉበት። ይህ አምቦ ውስጥ አይገኝም፤ አዲስ አበባም አይገኝም። ለሁለት ክፈልልን ብንለው «ሳጥን ከተከፈለ ሳጥን አይሆንም» አለ። ቅዳሜ እያንዳንዳችን አሥራ ሁለት ፈረሰኛ እናቀርባለን፤ ያማረለት ይወስደዋል።

የእኔ ነው መሆን ያለበት። አራት ዓመት!

ማክሰኞ፣ ሰኔ 7

ዓይን ሞከርኩ። በመርፌ ጫፍ፣ በአስቴር ጥፍር ቀለም። የመጀመሪያው ፈረስ ዓይነ ስውር ሆነ። ሁለተኛው የሰከረ መሰለ። ሦስተኛውን አስቴር አይታ «ይሄ ምን አይቶ ነው እንዲህ የደነገጠው?» ብላ ሳቀች። ሚስቴ ባትሆን ኖሮ አንድ ነገር እናገራት ነበር።

ከሰዓት ሰበብ ፈጥሬ ቤተ ሙከራ ገባሁ። አሥራ ሁለቱንም መስኮቱ ሥር ደርድሯቸዋል። የፈረስ መልክ እንኳ አልደገመም፤ ቦራ፣ ዳማ፣ ጉራቻ፣ ነጭ። የሸማው እጥፋት ነፋስ የመታው ይመስላል። እውነቱን ልጻፍ፤ አንዱን በክርኔ ገፍቼ ልጥለው ቃጥቶኝ ነበር።

ያኔ ነው ያየሁት። ጎራዴው በቀኝ በኩል ነው! አሥራ ሁለቱም ጎራዴያቸውን በቀኝ ጎናቸው ታጥቀዋል። የፈረንጁ ፕላስቲክ ጎራዴውን በግራ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ሌማ ለፍቶ ቆርጦ፣ ለፍቶ ወደ ቀኝ አዛውሮታል። ወታደር በቀኝ እጁ ሊመዘው በግራ መታጠቁን ሕፃን ያውቃል። ፎቶግራፍ ሁሉ እንደዚያ ነው። እስከ ቤቴ እያፏጨሁ ሄድኩ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 8

ሌማ ማታ ላይ በዝናብ መጣ። ለጋሻው ጌጥ ቀይ ፈልጎ ነው። «ጋሼ፣ የእትዬ አስቴር ጥፍር ቀለም ቢተርፍ ትንሽ ጠብታ» አለ። አልቋል አልኩት። ብልቃጡ ኪሴ ውስጥ ነበር።

አስቴር ከጓዳ ሆና ሰምታለች። ወጣችና «አዲሱ አለ እኮ» ብላ ያልተከፈተውን ሰጠችው። ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀብሎ፣ ጎንበስ ብሎ ሄደ። ከዚያ እሷ ዞር ብላ «ምቀኛ አታሳጣኝ ይላል ሰው፤ እኔ እቤቴ አለልኝ» አለች።

ስለ ጎራዴው ነገርኳት። ቅዳሜ ሁሉም ፊት ላወጣው ማሰቤንም። «ዛሬ ብትነግረው ምን ትሆናለህ?» አለች። ጦርነት ነው አልኳት። «ጦርነትማ ጠረጴዛው ላይ ነው» አለችና ፊቷን አዞረችብኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 9

እስከ ቅዳሜ መታገሥ አልቻልኩም። በዕረፍት ሰዓት ሚስተር ቶማስን ለብቻው ይዤ ነገርኩት። «ልጁ እጁ ጥሩ ነው፤ ታሪክ ግን አያውቅም። ጎራዴ በቀኝ አይታጠቁም» አልኩ። ሚስተር ቶማስ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ። «ሙያዬ ነው» አልኩት። በቃ፣ እንደዚያ ብዬ ነው ያልኩት።

እሱ ደግሞ ቅን ሰው ነው፤ ተደብቆ መፍረድ አይወድም። ቀጥ ብሎ ሄዶ ለሌማ ነገረው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቤተ ሙከራው መስኮት ሳልፍ ሌማ ምላጭ እያጋለ ነበር። አሥራ ሁለቱንም ጎራዴዎች ከቀኝ እየነቀለ በማስቲሽ ወደ ግራ ይለጥፋል። የተነቀለበት ቦታ ቀለሙ ተልጦ ጭኑ ላይ ቁስል መስሏል።

አየኝ። «አመሰግናለሁ ጋሼ» አለ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ትንሽ ብሎኛልም።

ዓርብ፣ ሰኔ 10

ለኮርቻዎቼ ቁራጭ ስስ ቆዳ ፈልጌ ጉደር ሄድኩ፣ ኦቦ ባይሳ ዘንድ። ኦቦ ባይሳ ኮርቻ ሰፊ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ፈረሰኛ ነበሩ ይባላል። ለልክ ይሆናል ብዬ አንዱን ፈረሰኛዬን በመሐረብ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። እንዲያደንቁልኝም ፈልጌያለሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ዓይናቸውን አጠበቡ። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ላኪ፣ ላኪ! ኧረ አይሆንም! ይሄ ሰውዬ ማን ነው? ጣሊያን ነው?»

«የእኛ ፈረሰኛ ነው እንጂ፣ ኦቦ ባይሳ።»

«የእኛ ከሆነ ጎራዴው እዚህ ምን ይሠራል?» በወስፌያቸው የግራ ጎኑን ነካ ነካ አደረጉ። «ጋሻ በግራ ነው የሚያዘው። ጎራዴም በግራ ከሆነ ሁለቱ ፈረስ ላይ ሲጋጩ ይውላሉ። የእኛ ሰው በቀኝ ነው የሚታጠቅ። አባቴ በቀኝ፣ አያቴ በቀኝ፣ እኔም በቀኝ። እግሩንስ ተመልከት! ቡትስ ጫማ! እርካቡ ውስጥ አውራ ጣት ብቻ ነው የሚገባ።»

ቆዳውን ቆርጠው ሰጡኝ። ዋጋ አልተቀበሉም፤ «ሳቅ ከፍለሃል» አሉ።

የመጣሁበት መኪና ላይ አልተሳፈርኩም። እስከ ድልድዩ በእግሬ ወረድኩ። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ በቅሎ ላይ እንኳ ወጥቼ አላውቅም። ያየሁት ፕላስቲኩን ነው። ፕላስቲኩን አይቼ ሙያዬ ነው አልኩ።

ዛሬውኑ ለሌማ ብነግረው ነገ ጠዋት መልሶ ይለጥፈዋል። አልነገርኩትም። ለአስቴርም አልነገርኳት። ሳጥኑን አስቤ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 11

አሸነፍኩ።

ሚስተር ቶማስ ሁለቱንም ረድፍ ከነመነጽሩም ያለመነጽሩም አየ። የሌማን ፈረሶች ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ቁስል ቁስል የመሰለውን የጭን ቀለም በጣቱ አሳይቶ «ያሳዝናል፤ ቸኩለህ አበላሸኸው» አለው። ሌማ አንገቱን ደፋ። ሳጥኑ ለእኔ ተሰጠ። መምህራኑ አጨበጨቡ። አስቴር አላጨበጨበችም፤ ብርጭቆ ስትሰበስብ ነበር።

ቤት ባዶ ሲሆን ሳጥኑን ከፈትኩ። ባለ ሦስት ፀጉሯን ብሩሽ አወጣሁ። ቀይ ቆርቆሮ ከፈትኩ፤ ሽታው ደስ ይላል። አንድም ነገር ሳልቀባ ከደንኩት።

የሰው ወርቅ አያደምቅ። እናቴ ይህን ተረት ስትተርት የምትለው ስለ ልብስ ይመስለኝ ነበር።

እሑድ፣ ሰኔ 12

ቅዳሴ ላይ ቆሜ ልቤ ሳጥኑ ጋ ነበር። ስመለስ ለአስቴር ሁሉንም ነገርኳት። ጃንጥላውን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

ሌማ የተከራያት ክፍል አንድ አልጋና አንድ ወንበር ናት። ወንበሩን ለእኔ ለቀቀ። ሳጥኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተናገርኩ፤ ጉደርን፣ ኦቦ ባይሳን፣ ዓርብ ዝም ማለቴን።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«በቀኝ መሆኑን። አባቴ በቀኝ ነበር የሚታጠቀው። ለታቦት ንግሥ ፈረስ ሲጋልብ እንዳየሁት ነው የሠራሁት።»

«ታዲያ ለምን ነቀልከው?»

«እርስዎ የታሪክ መምህር ነዎት፣ ጋሼ። አባቴ ማንበብ አያውቅም ነበር። እሱ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ነው።»

ከሳጥኑ በላይ የወሰድኩበት ነገር እንዳለ የገባኝ ያኔ ነው። ተነሥቼ ሳጥኑን አልጋው ላይ አኖርኩለት። አንሥቶ መልሶ እጄ ላይ አደረገው። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ከእርስዎ አልቀበልም። የሰጠዎት ሚስተር ቶማስ ነው፤ ያበላሸሁትም እሱ ፊት ነው። እሱ ፊት ይናገሩ። ከዚያ ከፈለገ እሱ ይስጠኝ።»

ሚስተር ቶማስ ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ይሳፈራል። መምህራኑ በሙሉ ሊሸኙት ይወጣሉ። ለብቻው የማገኝበት ሰዓት የለም። ሌማ ይህን ያውቃል።

እንዳልሄድ የሚያደርጉኝን ምክንያቶች ቆጠርኩ፦ ዝናብ። የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ፈተና አለብኝ። ተማሪ ይሰማል። አንዱም ምክንያት አይደለም።

ሰኞ፣ ሰኔ 13

ሄድኩ።

አውቶቡስ መናኸሪያው ጭቃ ነበር። ሌማ የሚስተር ቶማስን ሻንጣ ጣሪያው ላይ ለሚጭነው ሰውዬ እያቀበለ ነው። ዘጠኝ መምህራን፣ ርዕሰ መምህሩ ጭምር። ሳጥኑን ስላቀፍኩ ሚስተር ቶማስ ስጦታ ልጨምርለት መስሎት ፈገግ አለ።

በእንግሊዝኛ ልናገር ነበር፤ ሌሎቹ እንዳይከታተሉኝ ፈጠን አድርጌ። ሌማን አየሁትና በአማርኛ ተናገርኩ፤ ሚስተር ቶማስም አማርኛ ይሰማል። «ጎራዴ በቀኝ ነው የሚታጠቁት። ትክክል የነበረው ሌማ ነው። እኔ ሳላውቅ አውቃለሁ አልኩ፤ ካወቅሁ በኋላ ደግሞ ዝም አልኩ። ቀንቼ ነው።» የመጨረሻዋን ቃል ልተዋት ነበር፤ ወጣች። ርዕሰ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። አንዱ ሳቀ።

ሚስተር ቶማስ ሳጥኑን ከእቅፌ ወሰደ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻል ነበር። ሌማን ጠርቶ ሰጠው። ሌማ በሁለት እጁ ተቀበለ፤ «እኩል እንካፈል» ምናምን አላለም። ብብቱ ሥር ሸጎጠው። እንዳያዘንብበት ኮቱን አውልቆ ሸፈነው።

ያኔም ቀናሁ። ተናዘዝኩ እንጂ አልተፈወስኩም። ኮቱ ሥር ያቺ ባለ ሦስት ፀጉሯ ብሩሽ እንዳለች አውቃለሁ፤ ከእኔ በተሻለ እንደሚሠራባትም አውቃለሁ። ግን ዛሬ ምሳ በላሁ። ከዓርብ ወዲህ የቀመስኩት ምግብ የለም ማለት ይቻላል።

አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት አብረን ተመለስን። በሩ ላይ ስንደርስ ቆም አለ።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ጨዋታው አለ? ወይስ ሚስተር ቶማስ ከሄደ ቀረ?»

«አለ» አልኩ።

«የት ነው የምንጫወተው?»

አራት ዓመት ሙሉ እኔ ቤት፣ የእኔ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

«አንተ ጋ» አልኩት። ሳጥኑ ያለው እሱ ጋ አይደል።