በስልክ ያልሽው አሚን

ለልጄ ለነዒማ፣ ናይሮቢ ላለሽው፤

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ካለሽበት በሰላም ያኑርሽ። ተቆጥቼ ባደርገውም ዱዓ ነውና አሚን በይ። እኛ ደህና ነን። ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ ይፋጃል፤ ሽንኩርቱም ደርሷል።

ጎረቤት አገሮች ተባብረው ያቋቋሙት፣ ስለ ሰላምና ሽብር የሚያጠናው መሥሪያ ቤትሽ የላካቸው ልጆች ማክሰኞ መጡ። ከሳሊሃ ጋር ጥላ ስር ሽንኩርት ስንመርጥ አገኙን። አንዱ መቅረጫውን አፌ ላይ ደቅኖ፣ «እማማ፣ ልጅዎን የገደለው ማን ነው? አሸባሪ ይሉታል?» አለኝ። ሳሊሃ እዚያው አጠገቤ! የጥያቄውን ወረቀት ተቀብዬ አየሁት፤ ከታች ያንቺ ስም አለበት።

የወንድምሽን የጁነይድን ደም ከሳሊሃ ቤት ጋር በእርቅ ያደረቅን ዕለት፣ አስታራቂዎቹ አበጋሮች ነገሩን ዳግም እንዳናነሳ ሲያስምሉን አንቺም በስልክ አሚን ብለሻል። ድምፁን ከፍ አድርገነው የተቀመጠው ሁሉ ሰምቶሻል። ታዲያ ምን ቆርጦሽ ነው? እኔ እናቱ አንጀቴ እያረረ የዋጥኩትን፣ አንቺ ጥናት ብለሽ ስብሰባ ላይ ልታነቢው?

ሳሊሃ ቅርጫቷን አንስታ ሄደች። ይኸው ሳምንቷ፣ ደጄን አልረገጠችም። ልጇም መንገድ ላይ ሲያየኝ ይታጠፋል።

አላህ ዕውቀትሽን ይባርክልሽ፤ ልቦናም ይጨምርልሽ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ለዒድ ስትመጪ መጀመሪያ ወደኔ አትምጪ። ሳሊሃ ደጅ ቁሚ። እሷ እጅሽን ይዛ ካመጣችሽ በሬ ክፍት ነው።

እናትሽ ፋዲላ