ጉዳዩ፦ የይሁዳን የፀጉር ቀለም ይመለከታል

ለክቡር አቶ ክሳቬሪ ማዴይ
የሊፖቬትስ ደብር የሕማማት ትርኢት ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ በትርኢቱም ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት የጌታችንን ቦታ ይዘው ለሚጫወቱት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ የተከበሩት ባለቤትዎም፣ መላው ቤተሰብዎም እንደምን ሰነበታችሁ? በተለይ ያ የቀኝ ትከሻዎ እንዴት ሆነ? ዓምና ስቅለት ዕለት መስቀሉን ከገበያው አደባባይ እስከ ኮረብታው ሲሸከሙ እንደጎዳዎት ሰምቼ ከልቤ አዝኛለሁ። ፀጉረ ቀይ ሰው ልብ የለውም የሚል ወሬ ጆሮዎ ገብቶ እንደሆነ፣ ይህንን ማዘኔን ጠቅሰው እንዲያስተባብሉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

እኔ ቤኔዲክት ሶሃ እባላለሁ። ሥራዬ ቆርቆሮ መምታትና ጣሪያ ማልበስ ነው። ይህንን የምጽፈው ምናልባት ስሜን ረስተውት ይሆናል ብዬ ነው፤ ምክንያቱም በከተማችን ስሜን የሚያስታውሱት ባለቤቴና የግብር ቢሮው ብቻ ናቸው። ዳቦ ልገዛ ስገባ ወይዘሮ ቴኦፊላ ከሰልፉ ሁሉ በላይ አሻግረው፣ «ይሁዳዬ፣ ዛሬስ ነጩን ነው ጥቁሩን?» ይሉኛል። በክፋት አይደለም። ሴትዮዋ በደህና ቀን ተጨማሪ እንጎቻ የሚመርቁልኝ ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸውም ነው የከበደኝ።

ቅሬታዬን ከመዘርዘሬ በፊት ምስጋና ማቅረብ ይገባኛል። በዚህ ትርኢት ሌላው ሁሉ በየዓመቱ ኮሚቴው ፊት ቀርቦ፣ ድምፁን አሰምቶ፣ ተፈትኖ ነው ቦታ የሚያገኘው። እኔ ግን አንድም ቀን ተፈትኜ አላውቅም። የዛሬ ሃያ ዓመት፣ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ሆኜ የፖስታ ቤቱን ጣሪያ ስሠራ፣ ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሊቀ መንበር መሰላሉ ሥር ቆመው፣ «ሶሃ! ና እስቲ ውረድ። ይሁዳችን ሸበተብን። አንተ ደግሞ ዊግ አያስፈልግህም» አሉኝ። ወረድሁ። እንደ ሹመት ነበር የቆጠርሁት። በመጀመሪያው ዓመት አሮጊቶቹ ሲያፏጩብኝና ሲረግሙኝ፣ ምን ያህል ጎበዝ ተጫዋች ብሆን ነው ብዬ በኩራት ቤቴ ገባሁ። አፌን ሳልከፍት በፊት ማፏጨት እንደ ጀመሩ የገባኝ ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ በየጠዋቱ መስታወት ፊት ቆሜ ሽበት እፈልጋለሁ፤ ሌላው ሰው ጡረታውን እንደሚጠብቅ።

እንግዲህ ወደ ቅሬታዎቼ።

፩ኛ. በሃያ ዓመት ውስጥ ስድስት ጊዜ ሌላ ቦታ እንዲሰጠኝ አመልክቻለሁ። ጴጥሮስን ጠየቅሁ፤ አልሆነም። ጆሮው የሚቆረጠውን የሊቀ ካህናቱን አገልጋይ ጠየቅሁ፤ አልሆነም። በመጨረሻም ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ እንደ ዶሮ የሚጮኸውን ሰው ቦታ ለመንሁ። እርስዎም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ቤኔክ፣ እኔ ምንም ችግር የለብኝም። ግን ድንገት ብቅ ብትልስ? ሕዝቡ ግራ ይጋባል» አሉኝ። ለሕዝቡ አእምሮ ያለዎትን አሳቢነት ዛሬም አደንቃለሁ።

ነገሩ እውነት መሠረት ይኖረው እንደሆነ ብዬ አራቱንም ወንጌሎች ጣሪያ ላይ ተቀምጬ፣ ምሳዬን እየበላሁ፣ ከዳር እስከ ዳር አነበብኋቸው። ስለ ይሁዳ ፀጉር የተጻፈ አንዲት ቃል አጣሁ። ምናልባት ቆርቆሮ ሠሪ ማንበብ አይችል ይሆናል ብዬ አባ ሂየሮኒምን ጠየቅኋቸው። ጢማቸውን እየዳበሱ ጥቂት አሰቡና፣ «አልተጻፈም ልጄ። ግን ይታወቃል» አሉኝ። እኔም አመስግኜ ወደ መሰላሌ ተመለስሁ። ከሚታወቅ ነገር ጋር ማን ይከራከራል?

፪ኛ. የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ በሰሜን በኩል ያፈሰሰ ጊዜ ኮሚቴው ፊት፣ «ከቀይ ፀጉር ምን ትጠብቃላችሁ?» መባሉን ሰምቻለሁ። የሰሜኑን ጎን የሠራው አማቼ ነው፤ ፀጉሩም እንደ ከሰል የጠቆረ ነው። ስለ እሱ ፀጉር ያነሳ አንድም ሰው የለም። እሱ ሲቆጣ ተቆጣ ይባላል፤ እኔ ስቆጣ ፀጉሬ ነው። ቅዳሜ የፋሲካውን ዳቦና እንቁላል በቅርጫት ይዘን ለማስባረክ ስንሰለፍም ከጎኔ ያሉት ሰዎች እንቁላላቸውን ፈቀቅ ያደርጋሉ፤ እየሳቁ ነው የሚያደርጉት፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ አብሬ ስቄያለሁ፤ ለዚህም ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እርስዎን አይደለም።

፫ኛ. ይህንን ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ብዕሬን አስቀምጬ ተነሥቻለሁ።

ልጄ ካሊና ስምንት ዓመቷ ነው። ስትወለድ አዋላጇ ከፍ አድርጋ አሳየችኝና፣ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ቁርጥ አባቷን!» ስትለኝ፣ በዚህች ከተማ በዚያ ፀጉር መጀመሪያ ያዘነው ሰው እኔ ነበርሁ። እናቷን በመሰለች ብዬ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ካሊናም ስታድግ ይቅር ትበለኝ። ትምህርት ቤት «ካሮት» ይሏታል፤ «ዝገት» የሚሏትም አሉ። ዝገት ምን እንደሆነ በሙያዬ አውቃለሁ፤ እሷ ዝገት አይደለችም።

በዚህ ዓመት መምህርት ሉድሚዋ ከልጆቹ ሁሉ የካሊናን ድምፅ መርጣ፣ ሆሳዕና ዕለት ከሁሉ ፊት ቆማ፣ በዘንባባ ፈንታ ረጅሙን የአኻያ ቅርንጫፍ ይዛ፣ አህያው ላይ ተቀምጠው የሚገቡትን እርስዎን እንድትቀበል ሰጠቻት። የምትናገረው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ንጉሣችን ሆይ፣ በራችን ክፍት ነው፣ ግባ!» ስድስት ሳምንት አጠናችው። ለዶሮዎቹ ነገረቻቸው። ገመድ ላይ ለተሰጣው ልብስ ነገረችው። እኔም ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ አስቁማ ትነግረኝ ነበር፤ ቤቴ በንጉሥ ደንብ ነበር የምገባው።

ባለፈው ሐሙስ ልምምድ ላይ እርስዎ መጡ። አዩዋትና ለመምህርቷ፣ «ይህችን ወደ ኋላ አድርጊያት። ጌታን የይሁዳ ልጅ ስትቀበለው አገር ይስቅብናል» አሉ። መምህርቷም፣ «ድምጿ እኮ ከሁሉም ይበልጣል፣ አቶ ክሳቬሪ» ብትልዎ፣ «እንግዲያው ሻሽ እሠሪላት፤ አጥብቀሽ፣ ምንም እንዳይታይ» አሉ። ቀስ ብለው እንደተናገሩ አውቃለሁ፤ ጨዋ ሰው ነዎት። ግን የልጅ ጆሮ ስለ ራሱ የሚወራውን አያልፍም።

ካሊና ቤት ገብታ በቀጥታ ወደ ሥራ ቤቴ አለፈች። ትንሽ ቆይቼ ብከተላት፣ በቆርቆሮ መቀሴ ፀጉሯን እስከ ቆዳው ቆርጣው፣ ከቁርጥራጭ ቆርቆሮው ጋር ሳጥን ውስጥ ጨምራዋለች። ጆሮዋ ላይ ደም ነበር። ቀና ብላ አየችኝና፣ «አባዬ፣ አሁንስ ፊት መቆም እችላለሁ?» አለችኝ።

እናቷ ቦዤና እያለቀሰች የቀረውን አስተካከለችላት፤ እኔም አልቅሻለሁ፤ ከተማው ሁሉ በሚያነበው ወረቀት ላይ ጻፍሁት እንግዲህ። በሃያ ዓመት ውስጥ ብዙ ተሰድቤያለሁ፣ ተተፍቶብኛል፣ አንድ ጊዜም በበሰበሰ ድንች ተመትቻለሁ፤ እንደዚያች ጥያቄ የመታኝ ግን የለም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ አንድ ነገር እንዲፈቅዱልኝ በፍጹም አክብሮት እለምናለሁ። እሑድ ካሊና ከሁሉ ፊት፣ ያለ ሻሽ፣ በተላጨ ጭንቅላቷ ትቁም። ቃሏን ትናገር፤ እርስዎም ከአህያው ወርደው ቅርንጫፉን ከእጇ ይቀበሏት። የሕዝቡ ሳቅ የሚያሳስብዎ ከሆነ፣ አህያው ራሱ ቀይ ዳማ መሆኑን ላስታውስዎ፤ እስከ ዛሬ ማንም አልሳቀበትም፣ ኮሚቴውም ሻሽ አላሰረለትም። በምትኩ እኔ ጴጥሮስንም ዶሮውንም ዳግመኛ ላልጠይቅ፣ እስክሸብት ድረስ ይሁዳችሁ ሆኜ ላገለግል ቃል እገባለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የዊግ ወጪ እንዳይኖርባችሁ ስለፈቀዳችሁልኝ፣ ልጄንም በዚህ ዕድሜዋ ከከተማው ጋር ስላስተዋወቃችሁልኝ የላቀ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ትከሻዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ።

በታላቅ አክብሮት፣ በንጹሕ ልብና በተፈጥሮ የፀጉር ቀለም፣

ቤኔዲክት ሶሃ
ቆርቆሮ ሠሪ፣ የካሊና አባት

ግልባጭ፦
ለአባ ሂየሮኒም (ባይጻፍም ይታወቅ ዘንድ)
ለወይዘሮ ቴኦፊላ ዳቦ ቤት፣ መስኮቱ ላይ እንዲለጠፍ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከፈረምሁ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት ስቅለት ዕለት በትርኢቱ መካከል ዝናብ ወረደብን። ያን ጊዜ ከተጫዋቾቹ የአንዱ ፀጉር ቀለሙን ለቀቀና ቡናማ ውሃ በግንባሩ ላይ ፈሰሰ። ሕዝቡ ከሩቅ ደም መስሎት አለቀሰ። እኔ በጣም ቅርብ ስለነበርሁ ከሥሩ የበቀለውን አየሁ፤ በየጠዋቱ መስታወት ውስጥ የማየው ቀለም ነው። ለማንም አልተናገርሁም፤ ለቦዤናም ቢሆን። ያ ሰው ራሱ ስምንት ዓመት ሆኖት ያውቃል፣ ያን ጊዜ እሱንም አንድ ሰው ወደ ኋላ አድርጎት ይሆናል ብዬ አዘንሁለት። ስሙን ዛሬም አልጽፍም፤ እሑድ ካሊና ፊት ከቆመች እስከ መቃብሬ አልጽፍም። ወደ ኋላ ከተደረገች ግን አርብ ዕለት ይሁዳ የሚሠራውን እሠራለሁ፦ ያንን ሰው በአደባባይ በመሳም አሳያለሁ። በትርኢቱ ላይ እኔ የምስመው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።