የተቆጠሩት ከብቶች

ነገሌ ቦረና፣ የካቲት 23 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጄ ለእሙሽ፣

ናጋ ነሽ ወይ፣ ሰላም ነሽ? እኔ ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ። የምጽፍልሽ ስልክ መደወል አቅቶኝ አይደለም። እሑድ ደውለሽ ስለ ተማሪሽ ስትጠይቂኝ የመለስኩልሽ ውሸት ነው፤ ድምፅሽን እየሰማሁ ደግሜ እንዳልዋሽሽ ስለፈራሁ ነው።

ይህች የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቴ በወር አንዴ ለምታወጣት ባለአራት ገጽ ጋዜጣ፣ ዩኒቨርሲቲያችሁ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችን ለሥራ ልምምድ እንዲልክ ያስማማሽው አንቺ ነሽ። ፀጋአብን ስትልኪልኝም «አባዬ፣ ጎበዝ ልጅ ነው፤ አደራ» አልሽኝ። ጎበዝም ነው። በአንድ ብርጭቆ ሻይ ላይ አምስት ማንኪያ ስኳር ከመጨመሩ በቀር እንከን አላገኘሁበትም። የሆሳዕና ከተማ ልጅ ነውና የኛ ሙቀት ጠበሰው፤ አንድ ቀን እንኳ ግን አላማረረም።

ጥር ላይ ስለ ድርቁ እንዲጽፍ አጎትሽ አብዱባ ዘንድ ሰደድኩት፤ በአሬሮ መንገድ ካለው የውሃ ጉድጓድ። ይዞት የመጣው ጽሑፍ አንጀት ይበላ ነበር። እኔ ግን ያ የወታደር ቤት አመሌ ተነሣብኝና ቁጥር ፈለግሁ። ቁጥር የሌለው ሪፖርት ወሬ ነው አልኩት። ተመልሶ አብዱባን ይጠይቅ እንደሆነ ጠየቀኝ።

እዚህ ላይ ነው የዋሸሁሽ። ልጁ በገዛ ፈቃዱ ቆጠረ ነበር ያልኩሽ። «እንዳትጠይቃቸው፤ ከብቶቹ ለውሃ በየተራ ሲወርዱ ዝም ብለህ ቁጠር» ያልኩት እኔ ነኝ።

ቦረና ከብቱን እንደማይቆጥር፣ ቁጥሩንም ለሰው እንደማይናገር፣ ከተናገረ ጥፋት ይከተላል ብሎ እንደሚፈራ የሆሳዕና ልጅ ከየት ይወቀው? እኔ ግን ከእናትሽ ከዲንኪቱ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ። ገና እንደተጋባን ወንድሟን አብዱባን ስንት ላም እንዳለው ብጠይቀው፣ ሳምንት ሙሉ አኩርፋኛለች። ልጁን አትጠይቅ ያልኩትም ስለማውቅ ነው። አብዱባ ያውቅብኛል ብዬ ነው።

ጋዜጣው ወጣ። የፊት ገጹ ላይ የአጎትሽ ስም፣ መቶ አርባ ሁለት ከብት የሚል ርዕስ፣ ከጎኑ የዩኒቨርሲቲያችሁ ዓርማ። ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ነበር የዋልኩት። በሁለተኛው ሳምንት ከከብቶቹ አርባ ያህሉ አለቁ። የጨረሳቸው ድርቁ ነው፤ ድርቁ የማንን ከብት ተወ? ግን ይህን ለአብዱባ ቤተሰብ ማን ደፍሮ ይነግራል?

አብዱባ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ተቀመጥ ብለው እምቢ አለ። እንደ ወጉ ሰላምታውን ጀመረ፤ የኔን ናጋ፣ ያንቺን ናጋ፣ የከተማውን፣ የዝናቡን ጠየቀ። የከብቱን ዘሎ አለፈው። ከብት የሌለበት ሰላምታ ከእሱ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ፀጋአብን አየው።

«ይህ ልጅ እንግዳ ነው፤ አያውቅም» አለ። ወደ እኔ ዞረና፣ «ተክሉ፣ አንተስ?»

ልጁ ሳያሳየኝ ነው ያወጣው አልኩት። እዚያው፣ ልጁ ፊት። ፀጋአብ ቀና ብሎ አየኝ። አብዱባም ደህና ዋል ሳይለኝ ወጣ።

የአብዱባ አገር ሽማግሌዎች ለዩኒቨርሲቲያችሁ ሲያመለክቱ የትምህርት ክፍላችሁ ማብራሪያ ጠየቀኝ። ጥፋቱ የተማሪው ነው ብዬ ጻፍኩ፤ እሱም አምኖ እንዲፈርም ወረቀቱን ሰጠሁት። ፈረመ። ለምን ዝም አልክ ብዬ ስጠይቀው፣ «ከአንቱ ገበታ እየበላሁ እንዴት አሳጣዎታለሁ?» አለኝ። እሙሽ፣ በሥልሳ አራት ዓመቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ሰኞ ጉዳዩን የሚያየው የዩኒቨርሲቲያችሁ ኮሚቴ ይሰበሰባል። በዚያ ወረቀት ከሄደ የልጁ ልምምድ ይሰረዛል፤ ዘንድሮ አይመረቅም። እውነቱ ከወጣ ደግሞ ውሉ ይፈርሳል፤ ለአባቷ ዋስ ሆና ያስማማች መምህርት ትባያለሽ፣ ትታሚያለሽ። ላንቺ ያሰብኩ መስዬ ዝም ያልኩት በዚህ አሳብቤ ነው። ለራሴ ነው ያሰብኩት። እናትሽ «ካፈርኩ አይመልሰኝ» እያለች ትሰድበኝ ነበር፤ እውነቷን ነው።

አዲሱን ቃሌን ፈርሜ፣ ማኅተም መትቼ አብሬ ልኬዋለሁ። ያስቆጠርኩት እኔ፣ ያሳተምኩት እኔ፣ የዋሸሁትም እኔ ነኝ ይላል። ሰኞ ስብሰባው ሳይጀመር አስገቢው። ስለ እኔ አንድ ቃል እንዳትከራከሪ። እኔ ቅዳሜ ወደ አብዱባ እወርዳለሁ፤ ቢያስገባኝም ባያስገባኝም። ለፋሲካ ትመጫለሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ያንቺን ክፍል ግን ቀለም አስቀብቼዋለሁ።

አምላክ አንቺን ከእኔ ዓይነቱ ግትርነት ይሰውርሽ፤ ከዝናብ ጋር ያገናኘን።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ፀጋአብ ነው፤ ነገ በመጀመሪያው መኪና ይሳፈራል። ለእሙሽ አድርስልኝ ስለው እሺ ጋሼ አለ እንጂ ምን እንዳለበት አልጠየቀኝም። መንገዱ ረጅም ነው፤ ከፈቀደ ያንብበው ብዬ ፖስታውን አላሸግሁትም።

አባትሽ ተክሉ