ፀሐይ ላይ የተሰጣ ውሃ

ሰኞ

የመኪናው መሪ ዛሬም እጄን ጠበሰኝ። የላስ ቬጋስ ፀሐይ ጠላቴ ናት፤ ፓርክ ባደረግሁ ቁጥር እረግማታለሁ። ታላቅ እህቴ እታለም ደግሞ ማታ ደውላ የምታወራልኝ ስለ ፀሐይ! የምትኖረው ቡታጅራ አካባቢ ገጠር ነው። የሁለት ዓመቷ ልጇ ቤዛ በዚህ ወር ሁለት ጊዜ ተቅማጥ ይዟት ክስት ብላለች። ውሃ ለማፍላት እንጨት የለም። የውሃ መድኃኒቱን ቤዛ ሽታውን ጠልታ ትተፋዋለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታዲያ እንዲህ ብላታለች፦ ጥርት ያለ የምንጭ ውሃ፣ ቀለም የሌለው የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ ላይ ማጋደም፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ማስመታት። ጀርሙ ይሞታል። በቃ።

«እስቲ መጀመሪያ አንቺ ጠጪው» አለችኝ። ሞኝ አገኘች።

ማክሰኞ

ጠዋት ሁለት ጠርሙስ ከቧንቧ ሞልቼ በረንዳ ላይ አጋደምኩ። ንጹሕ ውሃ እያጸዳሁ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ለእታለም ቃል ገብቻለሁ። ባለቤቴ ግርማ አየና «ውሃ አሰጣሽ? ዶሮ እንዳይበላብሽ!» አለኝ።

አልጋ ከማነጥፍበት ሆቴል ስመለስ ጠጣሁት። ትኩስ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። እሳት የለ፣ መድኃኒት የለ፣ ብርሃን ብቻ! ያቺ እጄን የምታቃጥል ፀሐይ ሕፃን ታድናለች ማለት ነው? ጠርሙሱን ይዤ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ረቡዕ

እታለምም ጀምራለች፣ አራት ጠርሙስ። ቤዛ ጠጣች፣ አልተፋችም! ሥራ ቦታ ያገኘሁትን ሁሉ ይዤ አወራሁ፣ እኔ የፈጠርኩት ይመስል።

ዓርብ

ቤዛ እንደገና ታመመች። ጤና ጣቢያ ወስዳት ኦአርኤስ ሰጥተዋታል። «ያንቺ ፀሐይ!» አለችኝ እታለም። ቀኑን ሙሉ አንሶላ እየገለበጥኩ ሳነጥፍ ዋልኩ። ምን አጠፋን? ውሃው ደፍርሶ ነበር? ጠርሙሱ ነው? ፎቶ ላኪልኝ ብያታለሁ።

ቅዳሜ

ስነቃ ፎቶው ደርሷል። አራቱም ጠርሙሶች ቆርቆሮው ላይ በሥርዓት ተኝተዋል፤ ነጠላ ለብሰው!

ደወልኩ። «ምነው ሸፈንሻቸው?»

«ታዲያስ? ቤታችን መንገድ ዳር አይደል? ልጄ የምትጠጣው ላይ የሰው ዓይን ይግባበት?»

ልቆጣ ነበር፤ አፈርኩ። እኔ ራሴ ሆቴሉ ብሬክ ሩም፣ ሠራተኛ የሚያርፍበት ክፍል ውስጥ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አይደል ምሳዬን የምበላው? እናታችንስ ወተት ሳትከድን መቼ ከቤት ወጥታ ታውቃለች?

«እታለም» አልኳት፣ «ከሰው ሰውሪው። ፀሐይዋ ግን ካላየችው አይሆንም።»

«እንግዲያው ጓሮ ላድርገው» አለች።

ረቡዕ

ጠርሙሶቹ አሁን ጓሮ ናቸው፣ ሰው የማያልፍበት፣ የኩሽናው ቆርቆሮ ላይ፣ ያለ ነጠላ። ቤዛ ከእሑድ ወዲህ ደህና ናት። «ገና ነው፣ አፍሽን ሰብስቢ» ትለኛለች እታለም። ልክ ናት፣ ጥቂት ቀን ምን አላት? ግን በስልኩ ውስጥ የቤዛን ድምፅ ሰማሁ። ትተፋ የነበረችው ልጅ አሁን ጠርሙሷን ፈልጋ «ውሃ! ውሃ!» እያለች ታለቅሳለች።

ከሺፍት ስወጣ መሪው ያው ይፋጃል። እጄን አንስቼ እስኪበርድ ጠበቅሁ። ፀሐይዋን ዛሬ አልረገምኳትም።